የሮስተሩ ቁልፍ በማን እጅ ይሁን?

በጃንጎ ተጠቃሚዎችን በግሩፕ ማደራጀትና ፈቃድ መስጠት

በዛሬው የኮምፒውተር ዓምዳችን የምናነሣው ጉዳይ ፕሮግራም መጻፍ ለሚማሩ ተማሪዎችም፣ አንድ መስመር ፕሮግራም ጽፈው ለማያውቁ መምህራንም የሚሆን ነው። የተማሪ ስም፣ ማርክና አቴንዳንስ ከደብተር ወደ ኮምፒውተር ሲዛወር አንድ ጥያቄ አብሮ ይመጣል። ይኸውም ማን ምን ማየት ይችላል? ማንስ ምን መለወጥ ይችላል? የሚለው ነው።

በወረቀት ጊዜ መልሱ ቀላል ነበር። ሮስተሩ ቢሮ ውስጥ ቁም ሣጥን ይቆለፍበታል፤ ቁልፉ ያለው ሰው ይከፍታል፤ በቃ። ኮምፒውተር ላይ ግን መዝገቡ አንድ ሆኖ ሳለ ሃያና ሠላሳ ሰው በአንድ ጊዜ ሊከፍተው ይችላል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰው ለሥራው የሚያስፈልገውን ቁልፍ፣ እሱን ብቻ፣ መስጠት ያስፈልጋል።

ነገሩ ለምን እኛን ይመለከታል?

አንደኛ፣ ማርክ ነው። በካምፕ ለሚማር ልጅ ትራንስክሪፕቱ ትልቅ ንብረቱ ነው። ለምሳሌ ስደተኞችን በዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው፣ እ.ኤ.አ. በ1992 የተጀመረው የዳፊ ስኮላርሺፕ አመልካቾችን ሲመርጥ የትምህርት ውጤትን ያያል። አንድ ቁጥር በስህተትም ሆነ ሆን ተብሎ ቢለወጥ የአንድ ልጅ ዕድል ሊበላሽ ይችላል።

ሁለተኛ፣ ሰው ራሱ ነው። በተማሪ መዝገብ ውስጥ የወላጅ ስም፣ የመጡበት አገር፣ የሚኖሩበት ብሎክ ይገኛል። አንዳንዴም አማካሪው የጻፈው ማስታወሻ አለ። ከሚያሳድደው ሰው ሸሽቶ ለመጣ ቤተሰብ ይሄ መረጃ ማንም እጅ መግባት የለበትም። እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ የተለያዩ ቤተሰቦችን ለማገናኘት የሚጠቀምበት መዝገብ በኮምፒውተር ሰባሪዎች እንደተደፈረና ከ515,000 የሚበልጡ ሰዎች መረጃ እንደተነካ አስታውቋል። ሰባሪዎቹ የገቡት ባልታደሰ ሶፍትዌር ቀዳዳ በኩል ስለነበር የዛሬው ትምህርታችን ብቻውን እነሱን አያስቆምም፤ ሶፍትዌርንም በጊዜው ማደስ ያስፈልጋል። ነገር ግን የተፈናቀለ ሰው መዝገብ የሚፈለግ ነገር መሆኑን ድርጊቱ አሳይቶናል።

ሦስተኛ፣ ሕግ ነው። ዩኤንኤችሲአር እ.ኤ.አ. በ2015 የስደተኞችን የግል መረጃ ስለ መጠበቅ መመሪያ አውጥቷል። ኬንያና ዩጋንዳ እ.ኤ.አ. በ2019፣ ኢትዮጵያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2024 በአዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ አጽድቀዋል። እንግዲህ ነገሩ የበጎ ፈቃድ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ጃንጎ ምንድን ነው?

ጃንጎ በፓይተን ቋንቋ ድረ ገጽና የመዝገብ ፕሮግራም ለመሥራት የሚያገለግል በነፃ የሚገኝ መሣሪያ ነው። የተወለደው ካንሳስ ውስጥ ሎረንስ በምትባል ከተማ፣ በአንድ ጋዜጣ ዝግጅት ክፍል ነው። አድሪያን ሆሎቫቲና ሳይመን ዊሊሰን የተባሉ ሁለት ፕሮግራመሮች እ.ኤ.አ. በ2003 ጀመሩት፤ በሐምሌ 2005 ደግሞ ለሕዝብ ተለቀቀ። ለጋዜጣ ቤት ስለተሠራ ጽሑፍ የሚያስገቡ ሠራተኞች የሚሠሩበት የጀርባ ክፍል ተዘጋጅቶለታል። ይህ ክፍል አድሚን ይባላል። ለእኛ ደግሞ አንድ ጥሩ ነገር አለው፤ ኢንተርኔት በሌለበት ቦታ በአንድ ላፕቶፕ ላይ ተጭኖ በትምህርት ቤቱ የውስጥ ኔትወርክ ብቻ ይሠራል።

ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች

ብዙ ሰው የሚያምታታቸው ሁለት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው «ማን ነህ?» የሚለው ነው፤ ይህንን ስምና የይለፍ ቃል ይመልሱታል። ሁለተኛው «ምን ተፈቅዶልሃል?» የሚለው ነው፤ ይህንን የሚመልሰው ፈቃድ ነው። በካምፑ በር ላይ መታወቂያ ማሳየት አንድ ነገር ነው፤ ገብቶ ክሊኒኩ መድኃኒት ክፍል መግባት ሌላ ነገር ነው። መታወቂያ ያለው ሁሉ መድኃኒት ክፍል አይገባም። በኮምፒውተርም እንዲሁ ነው። የይለፍ ቃል ያለው ሰው ሁሉ ማርክ መለወጥ የለበትም።

አራቱ ፈቃዶች

በጃንጎ አንድ የመረጃ ዓይነት ሞዴል ይባላል። ለምሳሌ ትምህርት ቤታችን አምስት ሞዴሎች አሉት እንበል፦ ተማሪ፣ ክፍል፣ ውጤት፣ አቴንዳንስና የምክር ማስታወሻ። ፕሮግራመሩ ሞዴሎቹን ጽፎ መዝገቡን ሲፈጥር ጃንጎ ለእያንዳንዱ ሞዴል አራት ፈቃዶችን በራሱ ያዘጋጃል። እነሱም መጨመር፣ መለወጥ፣ መሰረዝና ማየት ናቸው። ማየት የሚለው እ.ኤ.አ. በ2018 ከወጣው ጃንጎ 2.1 ጀምሮ የመጣ ነው። ከዚያ በፊት በአድሚን ውስጥ አንድን ነገር እንዲያይ የምትፈልጉት ሰው የመለወጥ ፈቃድም ይሰጠው ነበር። ዛሬ ግን «እይ እንጂ አትንካ» ማለት ይቻላል።

እንግዲህ አምስት ሞዴል በአራት ሲባዛ ሃያ ፈቃድ ይሆናል። አዲስ አካውንት ሲከፈት ከሃያው አንዱም አይሰጠውም፤ ሁሉም ዝግ ሆኖ ይጀምራል። የሚፈለገውን እየመረጡ መክፈት የእኛ ሥራ ነው።

ፈቃድ ለሰው ሳይሆን ለሥራ

ሠላሳ መምህራን አሉ እንበል። እያንዳንዱ ስምንት ፈቃድ ቢያስፈልገው አንድ በአንድ መስጠት 240 ጊዜ መምረጥ ነው። አንዱ ጋ ይረሳል፣ ሌላው ጋ ይጨመራል፤ ከሦስት ወር በኋላ ማን ምን እንዳለው የሚያውቅ አይኖርም። መፍትሔው ግሩፕ ነው። ግሩፕ ማለት የሥራ ድርሻ ስም ነው። ስምንቱን ፈቃዶች አንድ ጊዜ «መምህራን» ለሚለው ግሩፕ እንሰጣለን፤ ከዚያ ሠላሳውን ሰዎች ግሩፑ ውስጥ እናስገባለን። ይሄ አሠራር በጃንጎ አልተጀመረም። አሜሪካኖቹ ዴቪድ ፌራዮሎና ሪቻርድ ኩን እ.ኤ.አ. በ1992 ፈቃድን ከሥራ ድርሻ ጋር ማያያዝን በጽሑፍ አቅርበውታል።

የእኛን ትምህርት ቤት ግሩፖች እንዲህ ልንከፍል እንችላለን፦

1. መምህራን፦ ተማሪንና ክፍልን ማየት፤ ውጤትንና አቴንዳንስን ማየት፣ መጨመርና መለወጥ። ይህ ስምንት ፈቃድ ነው።

2. መዝገብ ቤት፦ ተማሪንና ክፍልን ማየት፣ መጨመርና መለወጥ፤ ትራንስክሪፕት ለማተም ውጤትን ማየት ብቻ። ይህ ሰባት ፈቃድ ነው።

3. አማካሪዎች፦ ተማሪን ማየት፤ የምክር ማስታወሻን ማየት፣ መጨመርና መለወጥ። ይህ አራት ፈቃድ ነው።

4. ርዕሰ መምህር፦ ተማሪን፣ ክፍልን፣ ውጤትንና አቴንዳንስን ማየት። ይህም አራት ፈቃድ ነው።

እንዴ! ርዕሰ መምህሩ ማየት ብቻ? ትሉ ይሆናል። አዎ። ፈቃድ የክብር ምልክት አይደለም። ርዕሰ መምህር ማርክ አያስገባም፤ ስለዚህ ማርክ መለወጥ አያስፈልገውም። የምክር ማስታወሻንም የሚያነብበት የዘወትር ሥራ የለውም። ደግሞ ይህ እሱንም ይጠቅመዋል። አንድ ቀን ማርክ ተለወጠ ተብሎ ክርክር ቢነሣ ስሙ ከጥርጣሬ ነፃ ነው።

መሰረዝንም ልብ በሉ። በአራቱም ግሩፖች ውስጥ የለም። ምክንያቱም ፕሮግራሙ «ተያያዡም አብሮ ይሰረዝ» ተብሎ የተጻፈ ከሆነ አንድ ተማሪ ሲሰረዝ የዓመታት ውጤቱ ሁሉ አብሮ ይጠፋል። ተማሪ ትምህርት ቤት ሲለቅ «ወጥቷል» የሚል ምልክት ማድረግ ይበቃል። ነገ መሸኛ ወይም ትራንስክሪፕት ሊጠይቅ ይመለሳልና።

የግሩፕ ጥቅም ደግሞ በሴሚስተር መጨረሻ ይታያል። ማርክ ተጠቃሎ ሲያልቅ «መምህራን» ከሚለው ግሩፕ ውጤትን መጨመርና መለወጥ የሚሉትን ሁለት ፈቃዶች እናወጣለን። በአንድ ጊዜ ሠላሳውም መምህራን ማየት እንጂ መንካት አይችሉም። ይህ የሚሠራው ግን ፈቃዱን ለየግላቸው ካልሰጠናቸው ብቻ ነው።

በአድሚን ውስጥ አሠራሩ ቀላል ነው። ግሩፕ የሚለውን ከፍታችሁ ስም ትሰጣላችሁ። ሁለት ሣጥኖች ይታያሉ፤ በግራ ያለው ያሉትን ፈቃዶች፣ በቀኝ ያለው የተመረጡትን ያሳያል። የምትፈልጉትን ወደ ቀኝ ታሻግራላችሁ፤ ሴቭ ታደርጋላችሁ። ከዚያ የሰውየውን አካውንት ከፍታችሁ ግሩፑን ትመርጣላችሁ።

ሦስቱ ምልክቶች

በእያንዳንዱ አካውንት ገጽ ላይ ምልክት የሚደረግባቸው ሦስት ትንንሽ ሣጥኖች አሉ። ትንሽ ቢሆኑም ትልቅ ሥራ ይሠራሉ።

አክቲቭ፦ ይህ ምልክት ከተነሣ ሰውየው መግባት አይችልም። ቀድሞ ገብቶ የነበረ ቢሆንም ቀጥሎ ገጽ ሲከፍት እንዳልገባ ሰው ይቆጠራል።

ስታፍ፦ ይህ ወደ አድሚን ለመግባት የሚያስችል ነው። በር ብቻ ነው የሚከፍተው። ፈቃድ ወይም ግሩፕ ካልተሰጠው ሰውየው ገብቶ የሚሠራው ነገር አያገኝም።

ሱፐርዩዘር፦ ይህ ሁሉንም ፈቃድ ያለ ምንም ዝርዝር የሚሰጥ ነው። ለዚህ ሰው ጃንጎ አይጠይቅም፤ ሁልጊዜ መልሱ «ይቻላል» ነው። ስለዚህ ከሁለት ሰው በላይ ባይሰጥ ይመረጣል። ለአንድ ሰው ብቻ ቢሰጥ ደግሞ ያ ሰው የታመመ ወይም የሄደ ቀን ሥራ ይቆማል። ሁለቱም ሰዎች ለዕለት ሥራቸው ሌላ፣ ተራ አካውንት ይኑራቸው።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። «የተጠቃሚዎችን አካውንት መለወጥ» የሚለውን ፈቃድ በአድሚን ለአንድ ሰው ብትሰጡ፣ ያ ሰው የራሱን አካውንት ከፍቶ ሱፐርዩዘር የሚለው ላይ ምልክት ሊያደርግ ይችላል። ስለዚህ ይህ ፈቃድ ትንሽ መስሎ የሁሉም ቁልፍ ነው። ጸሐፊዋ የይለፍ ቃል የረሱ ሰዎችን እንድትረዳ ብላችሁ አትስጡት፤ ለዚያ ሥራ ለብቻው የተሠራ ገጽ ይሻላል።

ጃንጎ በራሱ የማይሠራልን

እስካሁን ያየነው በቂ ይመስላል። ነገር ግን አራት ነገሮች ይቀራሉ፤ ፕሮግራመሩን የምትጠይቁትም እነዚህን ነው።

ሀ. ፈቃዱ ለሞዴሉ እንጂ ለእያንዳንዱ መስመር አይደለም። «ውጤት መለወጥ» ማለት የሁሉንም ተማሪ ውጤት መለወጥ ማለት ነው። የ7ኛ ሀ የሂሳብ መምህር የ8ኛ ለን እንግሊዝኛም ሊለውጥ ይችላል ማለት ነው። ይህን ለመገደብ ፕሮግራመሩ ለመምህሩ የሚታየው ዝርዝር የራሱ ክፍልና ትምህርት ብቻ እንዲሆን አድርጎ መጻፍ አለበት። ለዚህ ሥራ የሚያግዝ ጃንጎ ጋርዲያን የሚባል ተጨማሪ መሣሪያም አለ።

ለ. አድሚን የሚጠብቀው ራሱን ብቻ ነው። ፕሮግራመሩ በራሱ የሚጽፋቸው ገጾች እያንዳንዳቸው ፈቃድ እንዲጠይቁ መደረግ አለባቸው። ጃንጎ ለዚህ በአንድ መስመር የሚጨመር መቆጣጠሪያ አለው፤ ሳይጨመር ከተረሳ ግን ገጹ ክፍት ነው። አንዳንዶች «ለውጥ» የሚለውን ቁልፍ ከገጹ ላይ ደብቀው የጠበቁት ይመስላቸዋል። መደበቅ መቆለፍ አይደለም። አድራሻውን የሚያውቅ ተማሪ በቀጥታ ጽፎ ይገባል።

ሐ. ፈቃድ ይደመራል እንጂ አይቀነስም። አንድ ሰው ሁለት ግሩፕ ውስጥ ከሆነ የሁለቱንም ፈቃድ በሙሉ ያገኛል። «መምህር ነው፣ መዝገብ ቤትም ይሠራል፣ ነገር ግን ይህን አይንካ» ብሎ መከልከያ ግሩፕ መሥራት አይቻልም። ስለዚህ ግሩፖችን ስትከፍሉ ከትንሹ ጀምሩ፤ ሲያንስ መጨመር ይቀላል። ይህ ከሚያስፈልገው በላይ አለመስጠት የሚባለው መርሕ ጀሮም ሳልትዘርና ማይክል ሽሮደር እ.ኤ.አ. በ1975 ስለ ኮምፒውተር መረጃ ጥበቃ በጻፉት ጽሑፍ ውስጥ ይገኛል። ሃምሳ ዓመት አልፎታል፤ ዛሬም ይሠራል።

መ. የታሪክ መዝገቡ ጎደሎ ነው። በአድሚን ውስጥ አንድ ነገር ሲጨመር፣ ሲለወጥ ወይም ሲሰረዝ ጃንጎ ማን፣ መቼ እንዳደረገው ይጽፋል። የትኛው ሳጥን እንደተለወጠም ይጽፋል። የቀድሞው ማርክ ስንት እንደነበረ ግን አይጽፍም። ከአድሚን ውጪ በተሠሩ ገጾች የተደረገውንም በራሱ አይመዘግብም። ስለዚህ የቀድሞው ማርክ እንዲቀመጥ ከፈለጋችሁ ገና ሲሠራ ንገሩት። አለበለዚያ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይሆናል።

ሰው ሲሄድ

ካምፕ ውስጥ ሰው ይንቀሳቀሳል። አንዱ መምህር ሪሴትልመንት ደርሶት ይበራል፣ ሌላው ወደ ሌላ ካምፕ ይዛወራል፣ ኮንትራቱ ያለቀም አለ። አካውንቱስ? ብዙ ጊዜ ማንም አያስታውሰውም። የይለፍ ቃሉን ደግሞ ለጓደኛው ነግሮት ሊሆን ይችላል።

አካውንቱን መሰረዝ ግን አይመከርም። ያስገባቸው ማርኮች ከስሙ ጋር የተያያዙ ከሆኑ ሊበላሹ ይችላሉ፤ በአድሚን ያለው የሥራ ታሪኩም አብሮ ይጠፋል። የጃንጎ አዘጋጆችም የሚመክሩት አክቲቭ የሚለውን ምልክት ማንሣት ነው። ሰውየው አይገባም፤ ሥራው ግን በስሙ ይቆያል። የተተካው መምህር ደግሞ አዲስ አካውንት ይከፈትለትና «መምህራን» ግሩፕ ውስጥ ይገባል። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። «የድሮውን መምህር አካውንት ተጠቀምበት» ማለት ግን ከዚያ በኋላ ማን ምን እንደሠራ እንዳይታወቅ ማድረግ ነው።

ጥሩ ልማድ የሚሆነው ይህ ነው፦ መምህር ሲለቅ መጽሐፍና ቁልፍ የሚያስረክብበት ቅጽ ላይ «አካውንቱ ተዘግቷል» የሚል አንድ መስመር ጨምሩ። በየሴሚስተሩ መጀመሪያ ደግሞ የአካውንቶቹን ዝርዝር አትማችሁ ከመምህራን ዝርዝር ጋር አስተያዩ።

የጋራ ኮምፒውተር

አንድ ላፕቶፕ ለአሥር መምህር በሚደርስበት ስታፍ ሩም ውስጥ ፈቃድ ሁሉ በአንድ መርሳት ሊፈርስ ይችላል። ጃንጎ አንድ ሰው አንዴ ከገባ፣ ፕሮግራመሩ ካልቀየረው በስተቀር፣ ለሁለት ሳምንት እንደገባ ያቆየዋል። ብሮውዘሩን መዝጋት አያስወጣም! ቀጥሎ የሚቀመጠው ሰው ገጹን ሲከፍት በእናንተ ስም ገብቶ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ሎግ አውት ሳትሉ አትነሡ። ፕሮግራመሩንም «ብሮውዘር ሲዘጋ ይውጣ፣ ጊዜውም ይጠር» በሉት፤ ሁለቱም ጃንጎ ያዘጋጃቸው ማስተካከያዎች ናቸው።

የይለፍ ቃልም አትዋዋሱ። ጃንጎ የይለፍ ቃልን እንዳለ አያስቀምጠውም፤ ተመልሶ ወደማይነበብ ነገር ለውጦ ነው የሚይዘው። ሱፐርዩዘርም ቢሆን አዲስ ሊሰጣችሁ እንጂ የድሮውን ሊያነበው አይችልም። እንግዲህ ማንም ሰው፣ ኃላፊ ነኝ ቢልም፣ «ፓስወርድህን ንገረኝ» ብሎ የሚጠይቅበት ምክንያት የለውም።

ለተማሪዎች መልመጃ

በክበባችሁ ኮምፒውተር ላይ ጃንጎ ያላችሁ እነዚህን ሞክሩ። የሌላችሁም በወረቀት መሥራት ትችላላችሁ። የእውነተኛ ተማሪ ስም ግን ለመልመጃ አትጠቀሙ።

1. ለትምህርት ቤታችሁ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ፣ አንባቢና ውሰት የሚሉ ሦስት ሞዴሎች አሉ እንበል። ስንት ፈቃድ ይፈጠራል? ለቤተ መጻሕፍት ሠራተኛና ለረዳት ተማሪ የትኞቹን ትሰጣላችሁ? እያንዳንዱን «ለምን?» ብላችሁ መልሱ።

2. «መምህራን» የሚል ግሩፕና አንድ የሙከራ መምህር አካውንት ፍጠሩ። በዚያ አካውንት ገብታችሁ የማይፈቀደውን የመሰረዣ ገጽ አድራሻ በቀጥታ ጻፉ። ምን መለሰላችሁ?

3. የሙከራ መምህሩ እንደገባ ሆኖ በሌላ ኮምፒውተር አክቲቭ የሚለውን ምልክት አንሡበት። ቀጥሎ ገጽ ሲከፍት ምን ሆነ?

የመጀመሪያው ጥያቄ ቁጥር አሥራ ሁለት ነው፤ «ለምን» የሚለው ግን ከክፍል ክፍል ስለሚለያይ ተወያዩበት።

መምህራን ደግሞ በሚቀጥለው ስብሰባችሁ ላይ ይህን አንድ ጥያቄ አንሡ፦ በአሁኑ ሰዓት የተማሪዎቻችንን መዝገብ መክፈት የሚችሉት እነማን ናቸው? ዝርዝሩ በአንድ ደቂቃ ካልቀረበ ሥራው ከዚያ ይጀምራል።

መልካም ሥራ!